ሁለት ኩንታል ጤፍ በአንድ ሞላ ላይ

«ከፈሰሰ ትከፍላለህ» አለኝ የጤፉ ነጋዴ፣ የመጋዘኑን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ።

«እከፍላለሁ» አልሁት።

የካቲት 2012 ዓ.ም. ነው፤ ቢቸና፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ግድም። ግቢው መካከል ከሥሩ ላሜራ የተበየደለት የብረት ቱቦ አቁመናል። በቱቦው ላይ የሞተሬ የኋላ ሞላ ተሰክቷል፤ ቱቦው ከሞላው አራት ጣት ያህል ያጥራል። በሞላው ላይ የዋንዛ ሳንቃ ተጋድሟል። በሳንቃው ላይ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍ ልናስቀምጥ ነው፤ ቀጥሎም ሌላ አንድ ኩንታል። ወዛደሮቹ አራት ናቸው፤ ሁለቱ ያነሳሉ፣ ሁለቱ ጆንያው እንዳይጋደል ይደግፋሉ። እኔ ተንበርክኬ ከቶርኖ ቤት የተዋስሁትን ካሊበር ይዣለሁ። አጥሩ ሥር የተኮለኮለው ሰው ምን እንደምንሠራ ደጋግሞ ጠይቆን ነበር፤ «ሞላ እየመዘንን ነው» ስለው ግን ያመነኝ የለም። ጤፍ በሚዛን ሲመዘን ያላየ ቢቸና ውስጥ አይገኝም፤ በጤፍ ሌላ ነገር ሲመዘን ግን ያየ አልነበረም።

ሞተሩን ያገኘሁት በአዲስ አበባ ክልከላ የተነሳ ነው። የከተማው አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር፣ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ሲያግድ የእህቴ ባል ወንድም ሞተር ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ቀረ። ሕንድ ሠራሽ፣ ባለ 200 ሲሲ፣ ስፖርት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ነጂው ወደ ፊት አጎንብሶ የሚቀመጥበት፣ ጭራው እንደ ጊንጥ ወደ ላይ የተቀሰረ። ሦስት ወር ከቆመ በኋላ «ውሰደው፣ ዝናብ ከሚበላው አንተ ብላው» አለኝ። በአይሱዙ ተጭኖ ቢቸና ደረሰ።

በልጅነቴ ሞጣ ውስጥ የማውቀው ሞተር የልማት ሠራተኞቹ ያማሃ ነበር። እሱ ኋላው ላይ ብረት መጫኛ አለው፤ አሞርዛተሩም ግራና ቀኝ ሁለት ሆኖ በግልጽ ይታያል። የእኔው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ከኮርቻው ሥር ተደብቋል። መጀመሪያ ቀን ጎንበስ ብዬ የት እንዳለ ፈልጌዋለሁ።

ሥራዬ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው። ሰው «ዶክተር» ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም፣ ግን ማረሙን ከተውሁት ቆይቻለሁ። ገበሬው ላሟ አልነሳ ስትለው ወይም በሬው መኖ ሲተው ሱቄ ድረስ ይመጣል፤ ከኋላዬ ይቀመጥና አብረን እንሄዳለን። ስመለስ ብቻዬን ነኝ። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ስሄድ ሁለት፣ ስመለስ አንድ። የኋላ ጣጣዬ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በየአሥራ አምስት ቀኑም እናቴን ለመጠየቅ ወደ ሞጣ እሄዳለሁ፤ በደብረ ወርቅ፣ በፈለገ ብርሃን፣ በግንደ ወይን አድርጌ። ከጮቄ ወርደው ወደ ዓባይ የሚገቡት ወንዞች አገሩን እየሸነሸኑት ስለሚሄዱ መንገዱ ሲወርድና ሲወጣ ነው የሚውለው። ሆኖም ዋናው መንገድ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ዋልካው ነው። ዋልካ በክረምት ጎማ ይውጣል። በበጋ ደግሞ ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ሳለ ከብት የረገጠው ኮቴ ሁሉ እንዳለ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል። ለአስፋልት የተሠራ ሞተር በዚያ ላይ ሲሄድ ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው።

ጥር ላይ አሞርዛተሩ ዘይት ማልቀስ ጀመረ። ጠራርጌው በነጋታው አቧራና ዘይት ተለውሶ ጥቁር ቅባት ሆኖ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን ከአንድ ገበሬ ጋር ደረቅ ቦይ ስንሻገር የኋላው ወርዶ ብረት ከብረት ተጋጨ፤ ከቦርሳዬ ውስጥ የኦክሲቴትራሳይክሊን ጠርሙስ ተሰብሮ ቢጫው ፈሳሽ በገበሬው ጋቢ ላይ ወረደ። እሱ ጋቢውን ትቶ «ለበሬዬ የተረፈ አለ?» አለኝ። ሞጣ ስደርስ እናቴ አረማመዴን ዓይታ «ልጄ፣ ይህ ነገር አንጀትህን ሳያወርደው ሽጠው» አለችኝ።

የቢቸናው መካኒክ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ሞተሩን በጭራው ጫን ለቀቅ አደረጉትና «ሞላው ላልቷል። ሮንዴላ አስገብቼ ቀለበቱን ላጥብቀው፤ ይጠነክራል። ካልሆነም አንድ ዙር እንቆርጥለታለን» አሉ። ቀለበት የሚሉት በሞላው ራስ ላይ የሚዞረውን ማጥበቂያ ነው። አጠበቁት። ብቻዬን ስሆን ጭራው ወደ ላይ ተቀስሮ ቀረ፤ ሰው ስጭን ግን ያው ብረት ከብረት።

ቀጥሎ ታናሽ ወንድሜ ከሞጣ ደወለ። አንድ ሱቅ ውስጥ አዲስ አሞርዛተር አይቷል፤ ሞላው ቀይ፣ ከጎኑ ወርቅማ የጋዝ ጠርሙስ የተንጠለጠለበት። «ዓይተኸው ካልገዛኸው እኔ እገዛዋለሁ» አለ። ገዛሁት። ደግሞ ማማሩ! ከሞጣ እስከ ግንደ ወይን ነዳሁትና ተመለስሁ፤ በየጉድጓዱ እንደ ፈረስ ያሽቀነጥረኛል። ማታ ከወንድሜ ጋር በባትሪ መብራት ፈታታነው። የጠርሙሱን ክዳን ሳነሳ ጋዝ የሚሞላበት ቫልቭ የለም፤ ጠርሙሱን ከአሞርዛተሩ ጋር የሚያገናኘው አንገት ድፍን ብረት ነው። ውስጡ ባዶ። ጌጥ ነበር። ወንድሜ ለሁለት ቀን አላናገረኝም፤ የተታለለው እኔ ሆኜ ሳለ።

እውነተኛው ጠርሙስ ግን ሥራ አለው። አሞርዛተር ሁለት ሰው ነው። ሞላው ይሸከማል፤ ዘይቱ ደግሞ ሞላውን ያስታግሳል። ሞላ ብቻውን ቢተው የተጫነውን ሁሉ መልሶ ይወረውራል፤ ዘይቱ በፒስተኑ ጠባብ ቀዳዳዎች ተገፍቶ ሲያልፍ ያንን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። መንገዱ ሲረዝምና ሲከፋ ዘይቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ እንደ ጠላ ያረፋል፤ አረፋ ደግሞ ምንም አይይዝም። ደ ካርቦን የተባለው ፈረንሳዊ መሐንዲስ ዘይቱን በተጨመቀ ጋዝ አፍኖ አረፋ እንዳያወጣ ያደረገው ለዚህ ነው። የእኔ ወርቅማ ጠርሙስ ከደ ካርቦን የወሰደው መልኩን ብቻ ነበር።

የአጎቴ ልጅ ስቶክሆልም ነው የሚኖረው፤ እሱም ሞተር ይነዳል። ኦሊንስ የተባለውን የስዊድን አሞርዛተር የሚሠሩት እዚያው አጠገቡ፣ ኡፕላንድስ ቬስቢ በምትባል ቦታ ነው። አንዱን እንዲልክልኝ ለመንሁት። ዋጋውን ሲነግረኝ ከሞተሩ ከራሱ ዋጋ ብዙም የማያንስ ሆነብኝና ዝም አልሁ። እሱ ግን ወሬ ይወዳል። ኬንት ኦሊን የተባለው ሰው ድርጅቱን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1976 እንዳቋቋመ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሞይሴዬቭ የተባለ የሶቪየት ሰው በዚሁ አሞርዛተር የ250 ሲሲ የሞቶክሮስ የዓለም ሻምፒዮን እንደሆነ አወጋኝ። «አንድ አሞርዛተር ብቻ» የሚለውን ነገር ለዓለም ያሳወቀው ደግሞ ያማሃ ነው፤ ሐሳቡን ከቲልኬንስ፣ ቤልጂየም ውስጥ ያስተምር ከነበረ መሐንዲስ ገዝቶ በ1973 ስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን አሸነፈበት። ከኮርቻዬ ሥር የተደበቀው ብረት ይህን ያህል ዘር ቆጠራ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠየቀኝ፤ «ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነህ?»

«ምን አገናኘው?»

«እዚህ ሱቅ ብትገባ መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው። ከነጫማህ፣ ከነሄልሜትህ፣ ከነቦርሳህ።»

ጋሼ ሮንዴላ አሉኝ፤ ወንድሜ ቀለም አለኝ፤ ባለሱቁ ዋጋ አለኝ። ክብደቴን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ላም ሳልገምት መርፌ ወግቼ አላውቅም፤ መድኃኒት በኪሎ ነው የሚሰጠው። ለሞተሬ ግን በመልክ ገዛሁ። አፈርሁ።

በማግሥቱ ጤፍ ነጋዴው ሚዛን ላይ ወጣሁ፤ ከነጫማና ከነሄልሜት 68። ቦርሳዬ መድኃኒቱን እንደያዘ 22። በዚያን ዕለት ሊወስደኝ የመጣውን ገበሬም ከነጋቢውና ከነዱላው አስወጣሁት፤ 61። «ዶክተር፣ ልትሸጠኝ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እንግዲህ ስሄድ 151፣ ስመለስ 90። የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ «ችግርህ ገባኝ» አለና ሌላ ነገር እንድለካ አዘዘኝ፤ የኋላው ጎማ 100 ሚሊ ሜትር ሲነሳ አሞርዛተሩ ስንት ያጥራል? ለካሁ፤ 38። ጎማው ላይ ያረፈ እያንዳንዱ ኪሎ ሞላው ጋ ሲደርስ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። እሱ ሁለት ቀን አስልቶ ለአንድ ሚሊ 12 ኪሎ ግድም የሚሸከም ሞላ እንደሚያስፈልገኝ ነገረኝ። ሰው ይዤ ስቀመጥበት ጎማው ከሚወርድበትና ከሚወጣበት ስፋት ሲሶውን፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ መስመጥ አለበት። ምንም ካልሰመጠ ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው መሬቱን ይለቃል፤ ከግማሽ በላይ ከሰመጠ ቋቱ ያልቃል።

ቁጥሩ ተገኘ። ግን የቱ ሞላ 12 እንደሚሸከም በምን ይታወቃል? መርካቶ ውስጥ ያለው ሞላ ይህ አልተጻፈበትም። ይህን ለጋሼ ሳወራቸው መዳፋቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡና «ኩንታል መቶ ኪሎ አይደለም እንዴ?» አሉ።

እንግዲህ ወደ ግቢው ልመለስ። ሞላውን ከመፍታታችን በፊት ግን የጋሼን ነገር መፈተን ነበረብን፤ እሳቸው አሁንም ቀለበት ማጥበቅ ሞላ ያጠነክራል ነው የሚሉት። ሞተሩን ሰው ይዞት ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ከኋላ ኮርቻው ላይ ጫንን፤ ጭራው 3 ሳንቲ ሜትር ወረደ። ጆንያውን አውርደን ቀለበቱን 8 ሚሊ አጠበቅነው፤ ጭራው 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አለ። ጋሼ በድል ዓይን ዓዩኝ። ጆንያውን መልሰን ጫንነው፤ ከአዲሱ ከፍታ የወረደው ያው 3 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ድጋሚ አስለኩኝ፤ ያው ነው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳጠነክር የኖርሁት ምኑን ነው?» አሉ። ቀለበት ከፍታ እንጂ ጥንካሬ አይሰጥም። ስለ መቁረጡስ ትክክል ነበሩ፤ ዙር ሲቀንስ ሞላው በእርግጥ ይጠነክራል፤ ያን ያህልም ያጥራል እንጂ። የሚበልጠው ግን የሽቦው ውፍረት ነው፤ አንድ አሥረኛ ቢወፍር ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይጨምራል። የቀዩ አሞርዛተር ሽቦ ቀጭን መሆኑን ዓይኔ ዓይቶ ነበር፤ ቀለሙ ነው ያሸነፈኝ።

አንደኛው ኩንታል በድሮው ሞላ ላይ ተቀመጠ። ሞላው ድምፅ ሳያሰማ ዝቅ አለ። ሁለተኛው ተደረበ። ከወዛደሮቹ አንዱ «ቶሎ በል!» እያለኝ ካሊበሩን ቀርቅሬ አነበብሁ፤ 21 ሚሊ። ሁለት መቶን ለሃያ አንድ ሲያካፍሉት ዘጠኝ ኪሎ ተኩል ነው። ልናወርድ ስንል የላይኛው ጆንያ ስፌት ተተረተረና ማኛው ጤፍ እንደ ውኃ ወረደ። የሠፈሩ ዶሮ ሁሉ ከየት እንደመጣ እንጃ። ሦስት ኪሎ ከፈልሁ፤ ነጋዴው አራት ነው ብሎ ተሟግቶኝ ነበር።

ከዚያ ፍለጋው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሄደ። የእህቴ ባል ወንድም ወረቀት ይዞ ዞረ፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርዝመት፣ የቡሎኑ ውፍረት፣ የዓይኑ ስፋት፣ የሽቦው ውፍረት። አዲስ አሞርዛተር የሚያቀርብ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ከቀዩ በኋላ አዲስነት አያባብለኝም ነበር። በመጨረሻ ከተጋጨ ትልቅ ሞተር ላይ የወረደ አሮጌ አሞርዛተር ተገኘ፤ ዘንጉ ያልተጫረ፣ ዘይት ያላፈሰሰ፣ የጋዙ ጠርሙስ እውነተኛ፣ ከታች የመመለሻ ፍጥነቱን የሚያስተካክል ቪቴ ያለው። ዋጋው የቀዩን እጥፍ ነበር፤ መልኩ ደግሞ ከወፍጮ ቤት የተጣለ ብረት ነው የሚመስል። ከመምጣቱ በፊት ኮቪድ ገባ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ፤ መኪናዎች ከወንበራቸው ግማሹን ብቻ መጫን ጀመሩ፤ የእኔም ካርቶን አዲስ አበባ ተቀምጦ ሰነበተ። ቢቸና የደረሰው ከፋሲካ በኋላ ነው።

ነጋዴው ሁለተኛ አስገባን፤ በዚህ ጊዜ ግን ስፌቱን ራሱ ፈተሸ። የአዲሱ ሞላ ንባብ 16 ሚሊ ተኩል ሆነ። ጋሼ በአመልካች ጣታቸው አቧራው ላይ አካፈሉት፤ 12 ኪሎ ከትንሽ። ስቶክሆልም ደውዬ ስነግረው የአጎቴ ልጅ «በምን ለካኸው?» አለ። «በጤፍ» አልሁት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ሁሉ ነገር ግን አልገጠመም። የዓይኑ ቀዳዳ ሰፊ ስለነበር ቶርኖ ቤት የነሐስ ቦኮላ አስቀረጽን። ርዝመቱም ከድሮው በ8 ሚሊ ይበልጣል። ስምንት ሚሊ ኢምንት ይመስላል፤ ጎማው ጋ ግን ሁለት ሳንቲ ሜትር ሆነና ጭራው ተሰቀለ፣ መሪው ቀለለ፣ ካቴናው እንደገና መስተካከል ነበረበት። ካቫሌቶው ስላጠረም ሞተሩ ሲቆም እንደ ሰካራም ያዘነብላል፤ ጋሼ ሁለት ጣት ብረት በየዱለት። መሪው ዛሬም ይቀልለኛል። ለምጄዋለሁ።

ቪቴውን ያስተካከልነው በእጅ ነው። ጋሼ ጭራውን በሙሉ ክብደታቸው ተጭነው ይለቁታል፤ ተነስቶ ቀጥ ካለ ጥሩ፣ ተነስቶ ደግሞ ከዘፈነ ገና ነው፣ እንደ ታማሚ ቀስ ብሎ ከተነሳ ደግሞ በዝቷል። ቢቸናም ሞጣም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በዚያ ብርድ ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ሞተሩ ይደርቅብኛል። ስለዚህ ጠዋት የተስተካከለው ቀትር ላይ ይዘፍናል። ከብዙ ንትርክ በኋላ ጥቂት ነድቼ ካሞቅሁት በኋላ ብቻ እንዲነካ ተስማማን።

የቀረው የሁለትና የአንድ ነገር ነው። የመረጥነው ሞላ ለ151 ኪሎ ነው፤ 90 ሆኜ ስመለስ ይጎረብጠኛል። መፍትሔው ጋሼ የተጣሉበት ያው ቀለበት ሆነ። ጥንካሬውን ባይለውጥም ከፍታውን ይመልሳል። ከፌሮ ቀለበት መፍቻ ሠሩልኝና ኮርቻው ሥር ሰቀልኋት። ገበሬውን ደጁ ላይ ካወረድሁ በኋላ ተንበርክኬ ሁለት ዙር አላላለሁ፤ ሌላ ቀን ሰው ስጭን ሁለት ዙር አጠብቃለሁ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሞተሩ የተበላሸ እየመሰላቸው ይደነግጡ ነበር። በኋላ ራሳቸው «ቀለበቷን አትርሳ» ማለት ጀመሩ።

በግንቦት ሙሉ ደስ ብሎኝ ነዳሁ። አንድም ጠርሙስ አልተሰበረም። እናቴ አረማመዴን ዓይታ ዝም አለች፤ ዝም ካለች ደህና ነኝ ማለት ነው።

ሰኔ መጣና ዘነበ። በሳምንቱ ዋልካው አበጠ፤ ጎማው አንዴ ከዞረ በኋላ ጭቃው ከፓራፋንጎው ጋር ተጣብቆ እንቅ አደረገው። ኦሊንስም ቢሆን፣ ቲልኬንስም ራሱ ቢመጣ፣ እዚያ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። ሞተሩን ሸራ አልብሼ ግቢ አስገባሁት።

ሐምሌ ላይ ያ ሚዛን ላይ ያወጣሁት ገበሬ በዝናብ መጣ፤ ላሙ ስትወልድ እንግዴ ልጁ ቀርቶባታል። በቅሎ ይዞልኝ ነበር። ኮርቻውን አስተካክሎ፣ መቀነቷን አጠበቀና እንደገና ትንሽ አላላት። ከዚያ ዞር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ ዓየኝ።

«ዶክተር፣ ስንት ኪሎ ነበርህ?»

«ከነቦርሳው ዘጠና።»

ትንሽ አሰበ። የበቅሎዋን ጀርባ በመዳፉ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ከዚያም ቦርሳዬን ከእጄ ወስዶ እሱ አዘለው።